ከቆዳ ፋቂው ጉድጓድ እስከ ሞጆ ወንዝ

የዳዊቱ ማኅደር፣ የኮርቻው ልባስ፣ የእህሉ ስልቻ በዕፅዋት ጭማቂ የለፋ ቆዳ ነበር። ቆዳ ፋቂው የእምቧይ ፍሬ ጨምቆ፣ ቀንጠፋ ወቅጦ፣ ቆዳውን ለቀናት እየዘፈዘፈ ያሸዋል። ማኅደሩን ተሳልመን ያለፋውን ሰው «ፋቂ» እያልን ከማዕዳችን አራቅነው፤ ዕውቀቱንም ጠይቆ የጻፈለት ጥቂት ነው። ይህን ዕዳ እኛም ወርሰነዋል።

በአውሮፓም ማልፊያው የኦክ ዛፍ ቅርፊት ነበር፤ ወፍራም ቆዳ ወራት ይፈጅ ነበር። በ1884 እ.ኤ.አ. አውግስጦስ ሹልትስ የተባለ ኬሚስት በክሮም ጨው የማልፋት ዘዴ በአሜሪካ አስመዘገበ። የወራቱ ሥራ ወደ ቀናት አጠረ፤ ዛሬ አብዛኛው የዓለም ቆዳ የሚለፋው በክሮም ነው። ቆዳው ግን የተሰጠውን ክሮም ሁሉ አይጠጣም። በተለመደው አሠራር ሲሶ ያህሉ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል።

የእኛም ፋብሪካዎች ይህንኑ መንገድ ያዙ። ከሞጆ ከተማ የቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ የሚገባበት የሞጆ ወንዝ ውሃውን በ1960 እ.ኤ.አ. ወደተመረቀው የቆቃ ግድብ ያወርዳል፤ እዚያ ዓሣ ይጠመዳል፣ አትክልት ይለማል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው ክሮም በሊትር 0.05 ሚሊግራም ብቻ ነው።

አሁን ከማልፊያው የተባረረው ዕፅ በፍሳሹ በር እየተመለሰ ነው። የጤፍ ገለባና የቡና ገለፈት በላብራቶሪ ተሞክረው ክሮምን ከውሃ ስበዋል። በገለባውና በገለፈቱ ላይ ያሉት የሃይድሮክሲልና የካርቦክሲል ኬሚካላዊ ቡድኖች ክሮሙን ይይዙታል። ውሃው አሲዳማ ከሆነ ደግሞ ገለባው የክሮምን መርዛማ መልክ፣ ክሮም ስድስትን፣ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ክሮም ሦስት ይለውጠዋል። ቀድሞ ቆዳውን ያለፋው የዕፅዋቱ ታኒንም ክሮም ከሚይዙት አንዱ ነው።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ገለባው ክሮሙን ቦታ አስለወጠው እንጂ አላጠፋውም። በአሲድ አጥቦ መልሶ ማውጣት ይቻላል፤ ወጪው ግን ቀላል አይደለም። ማቃጠሉ ይቀላል፤ በእሳቱና በአመዱ ውስጥ ግን ክሮም ሦስት ተመልሶ ካንሰር አምጪው ክሮም ስድስት ሊሆን ይችላል። ገለባ ደግሞ በአገራችን የሚጣል ነገር አይደለም፤ ከብት ይበላዋል፣ ከጭቃ ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል። ስለዚህ በሞጆ የመጀመሪያው የገለባ ማጣሪያ ከመተከሉ በፊት፣ ፋብሪካው የገዛውን ገለባ በኪሎ ቆጥሮ ሲጨርስ በኪሎ የሚያስረክብበት ሥርዓት መጻፍ አለበት።