ዝሆኑ በቅበላ፣ በገናው በሁዳዴ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ያደጋችሁ የቅበላን ሰሞን ታውቁታላችሁ። ዶሮው ይሠራል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ማሲንቆው ይጫወታል። በማግስቱ ሁዳዴ ሲገባ ዘፈኑ ይቆምና በገናው ከተሰቀለበት ይወርዳል።

ፈረንጆችም ቅበላ አላቸው፤ «ካርኒቫል» ይሉታል። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1886 ፓሪስ ውስጥ ካሚል ሳን-ሳንስ ለወዳጆቹ «የእንስሳት ካርኒቫል»ን ያሰማው ልክ በዚያ ቀን ነው። ሥራው 14 ክፍሎች አሉት። አምስተኛው ዝሆን ሲሆን ዜማውን የሚጫወተው ኮንትራባስ ነው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቆመው የሚጫወቱት፣ ከቫዮሊን ቤተሰብ ትልቁ።

ቀልዱ የቱ ጋ ነው? ሳን-ሳንስ፣ ቤርሊዮዝ እንደ ነፋስ ለቀለሉ መናፍስት የጻፈውን የጭፈራ ዜማ ወስዶ ለዝሆኑ ሰጠው። የቢራቢሮን እስክስታ ለበሬ እንደ ማስተማር ነው እኮ! ሰውየው ግን «ቁም ነገረኛ ሙዚቀኛ» የሚለው ስሜ ይበላሻል ብሎ ፈራ፤ በቼሎ ከሚጫወተው «ስዋን» በቀር በሕይወት ሳለሁ እንዳይታተም አለ። በ1921 ሞተ፣ በ1922 ታተመ። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ደግሞ በዚሁ በፈራው ሥራ ነው።

ታዲያ ወፍራም ድምፅ ለምን ትልቅ አካልን ያስታውሰናል? ክር ሲረዝም፣ ሲወፍር ወይም ሲላላ ቀስ ብሎ ይርገበገባል። ርዝመቱን ብቻ እጥፍ ብታደርጉት ርግብግቢቱ በግማሽ ይቀንሳል። የኮንትራባስ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። ትልቅ ነገር ቀስ ይላል፤ ጆሯችንም ይህን ለምዷል።

ወፍራም ድምፅ በራሱ ግን አያስቅም። ማስረጃው በገና ነው። 10 አውታሮቹ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፣ ድምፁም ወፍራም ነው፤ በሁዳዴ ሌሊት ሲደረደር ግን የሚስቅ የለም፣ የሚያለቅስ እንጂ። ፓሪሶችን ያሳቀው የዜማውና የመሣሪያው አለመገጣጠም ነው፤ በበገና ላይ ዜማው፣ ቃሉና ድምፁ አንድ ናቸው።

እንደ መሐንዲስ ይበልጥ የሚገርመኝ እንዚራው ነው። የበገና ገበቴ ከኮንትራባስ ሆድ በጣም ያንሳል፤ ትንሽ ሣጥን ደግሞ ወፍራም ድምፅን አጉልቶ ማውጣት ይቸግረዋል። ስለዚህ አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ ላይ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ ብርኩማውን እየነካካ «ዝዝዝ» ይላል፣ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችም ይወልዳል። ጆሯችን እነሱን ሰብስቦ ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል። ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት ጎንበስ ብሎ እንዚራውን በፀጉር ስፋት ገፋ፣ መለስ ሲያደርግ ካያችሁት፣ የሚፈልገው ያንን «ዝዝዝ» ነው።