ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሚያፈስ ራዲያተርና የጥገናው ታሪክ

በምርት ወቅት እህል የጫነ መኪና ዳገት ላይ እንፋሎት እያወጣ ሲቆም፣ የጥፋቱ መነሻ ብዙውን ጊዜ ከቀናት በፊት ከራዲያተሩ ሥር መሬት ላይ የታየ ጥቂት ጠብታ ነው። ጠብታው ችላ ሲባል ውሃው ያልቃል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ቴስታታውም ይጣመማል። በትንሽ ወጪ ይቃና የነበረው ብልሽት ሞተር እስከማስወረድ ያደርሳል። መኪናው የዩኒየን ሲሆን ደግሞ ኪሳራው የሾፌሩ ወይም የሥራ አስኪያጁ ብቻ ሳይሆን፣ ዕጣ የገዛው የእያንዳንዱ አባል ነው።

ይህ ችግር የመኪናን ያህል ዕድሜ አለው። ታሪኩ ሲመረመር ግን አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ባለንብረቱ በገዛ እጁ ሊጠግነው የሚችለውን የሚወስነው የእጁ ብልሃት ብቻ ሳይሆን፣ ራዲያተሩ የተሠራበት ማዕድን ጭምር ነው።

ውሃ እየቀዱ መጓዝ

ካርል ቤንዝ በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብት ያስመዘገበላት ባለ ሦስት እግር መኪና እንደ ዛሬው ያለ ራዲያተር አልነበራትም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ እየፈላ በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣ በየጊዜው መጨመር ነበረበት። ባለቤቱ በርታ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርጽሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ፣ በየመንገዱ እየቆመች ውሃ ትጨምር ነበር።

ከዚህ ጣጣ ያወጣው የቪልሄልም ማይባኽ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 መጨረሻ ገደማ ለመርሴዲስ መኪና ያዘጋጀው ራዲያተር የማር እንጀራ የሚመስል ሲሆን፣ 8,070 ጥቃቅን ቱቦዎች እርስ በርስ ተበይደው የተሠራ ነበር። ነፋስ በቱቦዎቹ ውስጥ ሲያልፍ ውሃው በመካከላቸው እየተዘዋወረ ይቀዘቅዛል። የሚያስፈልገው ውሃ በእጅጉ ቀነሰ። ይሁን እንጂ መጋጠሚያው በበዛ ቁጥር የሚያፈስበት ቦታም በዛ።

የገበሬው መላ

እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ወደ አሜሪካ ገጠር በሰፊው ሲገባ፣ በአቅራቢያው ጋራዥ ያልነበረው ገበሬ የራሱን መላ መፈለግ ጀመረ። ራዲያተሩ ሲያፈስ እንቁላል፣ የአጃ ዱቄት፣ ሰናፍጭ ወይም ቁንዶ በርበሬ ይጨምርበት ነበር። የተጨመረው ነገር በውሃው ተገፍቶ ቀዳዳው ላይ ይከማችና ለጊዜው ይደፍነዋል። ከጊዜ በኋላ ይኸው ሐሳብ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በጣሳ ይሸጥ ጀመር።

መድፈኛው ያልተጠበቀ ቦታ ላይ የዋለበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 በኑክሌር ኃይል የምትንቀሳቀሰው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ናውቲለስ ወደ ሰሜን ዋልታ ልትሄድ ስትሰናዳ፣ የእንፋሎት ማቀዝቀዣ ክፍሏ የባሕር ውሃ ያስገባ ጀመር። መርከበኞቹ ሲያትል ከተማ ካሉ የነዳጅ ማደያዎች የመኪና ራዲያተር መድፈኛ ገዝተው ጨመሩበት፤ ማፍሰሱም ቆመ። መርከቢቱ በዚያው ዓመት በዋልታው በረዶ ሥር አልፋለች።

ይህ ማለት ግን መድፈኛ ዘላቂ ጥገና ነው ማለት አይደለም። ቀዳዳውን የሚደፍነው ነገር ጠባቦቹን ቱቦዎችም ሊደፍን ስለሚችል፣ አገልግሎቱ መኪናውን እስከ ቤት ለማድረስ ብቻ ነው።

የካውያ ዘመን በኢትዮጵያ

ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው መኪና የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባለውን መኪና ከጅቡቲ አንስቶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አድርሷል። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ የፊያትና የላንቻ የጭነት መኪናዎች ሲገቡ፣ የጋራዡ ቋንቋም አብሮ ገባ፤ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። “ኤንትሬ” እየተባለ የሚጠራው የፊያት መኪናም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቋንቋ ነው።

የእነዚህ መኪናዎችና የቀደሙት ትራክተሮች ራዲያተር ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ ነበር። ይህ ለጠጋኙ ትልቅ ዕድል ነው። ራዲያተሩ ወርዶ፣ ቀዳዳው ተፍቆና ታጥቦ፣ ካውያ በፍም ግሎ፣ ስታኞ የሚባለው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ሲፈስበት ይያዛል። ከዚያም ውሃ ውስጥ ተነክሮ አየር ሲነፋበት አረፋ ካላወጣ ሥራው ሰምሯል። የእርሳስ ጭስ ጤናን ስለሚጎዳ ግን ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበትና ልጆች በሌሉበት መሠራት ይኖርበታል።

ማዕድኑ ሲለወጥ

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቀላል የሆነው የአሉሚኒየም ራዲያተር፣ ከላይና ከታች ወይም ከግራና ከቀኝ የፕላስቲክ ጋን ተገጥሞለት እየተስፋፋ መጣ። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ ተራው ስታኞ አይዘውም። ፕላስቲኩም በሙቀት ብዛት ዕድሜው ሲያልቅ ይሰነጠቃል። በመሆኑም የአሁኑ ራዲያተር ሲያፈስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዋጣው መበየድ ሳይሆን መለወጥ ነው። መለወጡ ደግሞ በግቢ ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ ውሃውን ማንቆርቆር፣ ቱቦዎቹን መንቀል፣ ብሎኖቹን ፈትቶ ማውጣት፣ በልክ ተመሳሳይ የሆነውን መግጠም፣ በመጨረሻም ሞልቶ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩን ማስነሳት ነው።

የደጋው ሰው ማወቅ ያለበት

ውሃ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ያህል ነው። 1 ባር ግፊት የሚይዝ ደህና የራዲያተር ክዳን ይህን ወደ 116 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ራዲያተሩ ካፈሰሰ ወይም ክዳኑ ከላላ ግን ግፊቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ በደጋ አገር የሚያፈስ መኪና ቶሎ ይፈላል። በዚያው ግፊት የተነሳ የጋለ ሞተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል፤ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግዴታ ነው።

ጠብታ ሲታይ መጀመሪያ የሚመረመሩት ክዳኑ፣ ቱቦዎቹና ማሰሪያ ፋሸታዎቹ ናቸው። ራዲያተር አፈሰሰ ከተባለው ውስጥ ፋሸታ በማጥበቅ ወይም ቱቦ በመለወጥ የሚያበቃ አለ። ኩላንት ደግሞ ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገር ግን መርዝ በመሆኑ ሕፃናትና እንስሳት በሚደርሱበት ቦታ መድፋት አይገባም።

በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ከወጣ ወዲህ ከተቋቋሙት ዩኒየኖች መካከል የጭነት መኪናና ትራክተር ባለቤት የሆኑ አሉ። ለእነዚህ ዩኒየኖች የሚጠቅመው ሥራ ቀላል ነው፤ ሾፌሩ በየቀኑ የጨመረውን ውሃ በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ፣ ኃላፊውም መዝገቡን በየሳምንቱ ይመልከት። የተዘጋ ራዲያተር በየቀኑ ውሃ መጠየቅ የለበትም። ከጠየቀ አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነው፤ መጠገን ያለበትም መኪናው ጭነት ሳይነሳ፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ነው።