የኦቲዝም ልጆች ወላጆች ጤንነት

ኦቲዝም ያለበትን ልጅ በሚያሳድግ ወላጅ ላይ የሚደርሰው የሥጋና የመንፈስ ድካም ከልጁ ጠባይ የሚነሣውን ያህል፣ ከእንቅልፍ እጦት፣ ከረዳት መታጣትና ከሰው ሐሜትም ይመነጫል። የሕክምና ሊቃውንት ግን ወደዚህ አሳብ በቀናው መንገድ አልደረሱም፤ አስቀድመው በደከመው ወላጅ ላይ ከሳሾች ሆነው ቆመዋል።

የባልቲሞሩ ሐኪም ሊዮ ካነር በ1943 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የ11 ሕፃናትን ሁኔታ መርምሮ ኦቲዝምን ባስታወቀ ጊዜ፣ ጠባዩ ከልጁ ጋር የሚወለድ መሆኑን ቢያመለክትም፣ ከወላጆቹ መካከል ልባቸው የሞቀ ጥቂቶች ናቸው ሲል በጽሑፉ ፍጻሜ ያኖራት አስተያየት ከዋናው ግኝት ይልቅ ተሰማች። እርሷንም አጽንቶ የቺካጎው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ የልጁን ዝምታ በእናቲቱ ፍቅር ማጣት አመካኘ። ሌሊቱን ልጇን ስታባብል አድራ በማለዳ ከሐኪም ፊት የቀረበችን እናት የሕመሙ መነሻ አንቺ ነሽ ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ሕክምናው ራሱ ካደረሳቸው ጉዳቶች ከከባዶቹ የሚቈጠር ነው። ይህን ክስ አስቀድሞ በ1964 በመጽሐፍ የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቡና ሊቅ ብቻ ሳይሆን የኦቲዝም ልጅ አባትም ነበረ፤ በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ ያደረጉት ምርመራም የዘር ውርስን ድርሻ ገለጠ።

ስለ ወላጆቹ አካል የተደረገው ጥናት ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ከኦቲዝም ልጆች መካከል እኩሌታው ወይም ከዚያ የሚበልጠው የእንቅልፍ ችግር ስላለበት፣ እናት የበሩን ቁልፍ ከትራሷ ሥር አድርጋ በአንድ ጆሮዋ ነቅታ ታድራለች፤ ልጁ መንገዱን ሳያውቅ ሊወጣ ይችላልና። በ2010 በአሜሪካ ዊስኮንሲን የወጣ ጥናት፣ ልጆቻቸው ለጉርምስናና ለአካለ መጠን የደረሱ እናቶች ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ከልኩ ዝቅ ብሎ መገኘቱን፣ ይኸውም ረጅም ጭንቀት በተፈራረቀባቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ በጦር ሜዳ በዋሉ ወታደሮች ከሚታየው ጋር የሚመሳሰል መሆኑን አስረድቷል። በዚያው ዓመት ከዚያው ስፍራ የወጣ ሌላ ጥናት ከእነዚህ ወላጆች 23.5 በመቶው፣ ከሌሎቹ 13.8 በመቶው መፋታታቸውን ቈጥሯል፤ ከአሥሩ ስምንቱ ትዳር ይፈርሳል እየተባለ የሚወራው እንግዲህ መሠረት የለውም።

በኢትዮጵያ የልጁ ሁኔታ ለእርግማን፣ ለርኩስ መንፈስ ወይም ለወላጅ ኃጢአት ፍዳ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ ከሐኪም በፊት ወይም ከሐኪም ጋር ወደ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉ ለብዙዎች መጽናኛ መሆኑ አይካድም፤ የሚጎዳው «ምን ሠርተሽ ነው?» የሚለው የጎረቤት ጥያቄ ነው፤ በታክሲ ውስጥ ልጁ ሲጮህ «ቅጣት አታውቂም?» የምትባለውም እናት በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዳ በእግሯ መሄድን ትመርጣለች። ከልቅሶና ከዕድር መቅረት የሚጀምረውም እንዲህ ነው። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጡት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ለልጆቹ ትምህርት የታሰበው ስፍራ እናቶች ሳይፈሩ የሚነጋገሩበትም ሆነ።

የዓለም የጤና ድርጅት ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው፣ በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ ልዩ ሐኪም ያልሆነ ሰውም ሠልጥኖ ሊሰጠው ስለሚችል ሐኪም ለሚያንስበት አገር የተስማማ ነው። ሥልጠናው ልጁን በጨዋታ ማነጋገርን ከማስተማሩ ጋር ስለ ወላጁ ደኅንነትም ይናገራል። ሆኖም ትምህርት ለወላጅ የዕረፍት ሰዓት አይተካም። ልጁን የምትረከባት እኅት ወይም ሞግዚት የሌላት እናት የደም ግፊት መድኃኒቷን ለመቀበል የሚወስደውን ግማሽ ቀን እንኳ አታገኝም፤ የታዘዘላትንም ቀዶ ሕክምና ከዓመት ወደ ዓመት ታስተላልፋለች።