ስኮርታ ጎማና ክሪክ ለአስቸጋሪ መንገድ

ስኮርታ ጎማ ከተሽከርካሪው ጋር ተጭኖ የሚጓዝ፣ ከአራቱ አንዱ ሲፈነዳ ወይም ሲተነፍስ የሚተካ ሙሉ ጎማ ነው። ክሪክ ደግሞ ጎማው እስኪቀየር ድረስ መኪናውን ከመሬት የሚያነሳው መሣሪያ ነው። አስፋልት ላይ ሁለቱም ብዙ አያሳስቡም፤ ጎሚስታ በየከተማው መግቢያ ይገኛል፣ መሬቱም ደረቅና ደልዳላ ነው። በዳናኪል የላቫ ድንጋይ፣ በደቡብ ኦሞ አሸዋማ የወንዝ ወለል ወይም በክረምት ዋልካ ላይ ግን የጉዞው ዕጣ በእነዚህ ሁለት ዕቃዎች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ነጥሎ መምረጥ አይገባም። ጥሩ ስኮርታ ይዞ መኪናውን ማንሳት ያቃተውም፣ ጠንካራ ክሪክ ይዞ ስኮርታው ተንፍሶ ያገኘውም እኩል በረሃ ላይ ይቀራሉ።

በመኪና ዘመን መጀመሪያ ስኮርታ አልነበረም። ሾፌሩ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጎማውን ከቸርኬው ያወልቃል፣ ከመነዳሪውን ይለጥፋል፣ መልሶ በእጅ ይነፋል። በ1904 እ.ኤ.አ. በዌልስ ላኔሊ ከተማ ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች ስቴፕኒ የተሰኘውን፣ መሐሉ ባዶ በሆነ ቸርኬ ላይ የተነፋና በተነፈሰው ጎማ ጎን የሚታሰር መጠባበቂያ ለገበያ አቀረቡ። ዛሬ የምናውቀው ቸርኬው ሙሉ በሙሉ ተፈቶ የሚቀየር ስኮርታ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

የስኮርታው ልክ

በጎማው ጎን የሚነበበው 265/70 አር 16 የሚል ጽሑፍ የጎማው ስፋት 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ የቸርኬው ዲያሜትር 16 ኢንች መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የመሸከም አቅሙ ነው፤ 112 የተጻፈበት ጎማ በተገቢው ንፋስ እስከ 1,120 ኪሎ ይሸከማል። ስኮርታው በሁለቱም ከሌሎቹ አራት ጎማዎች ጋር መስማማት አለበት። በብዙ መኪኖች ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ አክስል እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ፤ በዚህ ጊዜ በዲያሜትር የሚለይ አንድ ጎማ ካለ ማርሹና ዲፍረንሻሉ ያለ ዕረፍት ይጨነቃሉ። አሸዋ ላይ ጎማው ሸርተት እያለ ጫናውን ያቃልላል። ደረቅ ድንጋይ ላይ ግን የሚጎዳው ብረቱ ነው። አንዳንድ የከተማ መኪኖች ይዘውት የሚመጡት ቀጭን ጊዜያዊ ስኮርታ በ60 ፒ.ኤስ.አይ. ንፋስ፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ለአጭር የአስፋልት ጉዞ የተሠራ ነው፤ ይህን ይዞ ጠጠር መንገድ መውጣት ያለ ስኮርታ ከመውጣት አይሻልም።

ወደ ዳናኪል የሚወርዱ መኪኖች ብዙ ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ይጓዛሉ፤ ሾፌሮቹም አንዱ ለሌላው ስኮርታ እንደሚያውስ ያስባሉ። ይህ ተስፋ ቸርኬ ላይ ይሰናከላል። ላንድ ክሩዘር 100 እና 200፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው 70 ተከታታይም ጭምር፣ ጎማቸው በ5 ዳዶ በ150 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ይታሰራል። ፕራዶ፣ ፎር ዊል ሃይሉክስና ላንድ ክሩዘር 80 ግን 6 ዳዶ በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ አላቸው። አብረው የሚሄዱ መኪኖች ሲመረጡ ይህ መታየት አለበት፤ ሁሉም ቶዮታ መሆናቸው ብቻ አይበቃም።

ዕድሜም እንደ ልክ ይቆጠራል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚመረቱ ጎማዎች ጎን አራት አኃዝ ይገኛል፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። መሬት ያልነካ ስኮርታ ጥርሱ አዲስ ስለሚመስል ዓይንን ያታልላል፤ ላስቲኩ ግን ተቀምጦም ይደርቃል። ፖርቶ መጋላ ላይ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ጎማ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ ለበረሃ አይሆንም። አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ምንም ቢያምር ይወገድ። ከሁሉ የተሻለው ዘዴ አምስቱንም ጎማዎች በየጊዜው ማዘዋወር ነው፤ አምስቱ እኩል ያልቃሉ፣ ስኮርታውም ሳይሠራ አያረጅም።

እሾህና ላቫ

በአፋር የጎማ ጠላት ሁለት ነው። አንዱ የግራርና የፕሮሶፒስ እሾህ ነው፤ ጥርሱን ዘልቆ ይገባና ቀስ ብሎ ያስተነፍሳል። ከመነዳሪ በሌለው ጎማ ላይ ይህ ቀላል ጥገና ነው፤ ቀዳዳው በሞረድ መሰል ወስፌ ይጠረግና ሙጫ የተቀባ የላስቲክ ክር ይሰገሰግበታል፣ ጎማውም ከመኪናው ላይ አይወርድም። ሁለተኛው ጠላት ወደ ኤርታ አሌ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ያለው ጥቁር የላቫ ድንጋይ ነው። እሱ የሚቆርጠው ጎኑን ነው፣ የተቆረጠ ጎን ደግሞ በክር አይደፈንም። ከመነዳሪ ያለውና ቸርኬው በቀለበት የሚዘጋው 7.50 አር 16 ጎማ በረሃ ውስጥ በእጅ ተፈትቶ ሊጠገን ስለሚችል በቆዩ ሾፌሮች ዘንድ አሁንም ክብር አለው። ነገር ግን ቀለበቱ በደንብ ሳይገባ ከተነፋ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ማንም ሲነፋ በፊት ለፊቱ መቆም የለበትም።

ጎን ስለሚቆረጥ ነው ለላቫ መንገድ ሁለት ስኮርታ መያዝ የሚያስፈልገው። አንዱ ሲቀየር መኪናው እንደገና ያለ መጠባበቂያ ይቀራል፣ ያው ድንጋይ ደግሞ ከፊት አለ። ከቸርኬው ጋር አንድ ጎማ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሁለቱንም ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን መኪናውን ከላይ ያከብደዋል፣ በጎናማ ዳገትም የመገልበጥ አደጋን ይጨምራል። አንዱ ከታች ወይም ከኋላ በር ላይ ይሁን። ከሥር በሰንሰለት የሚንጠለጠለው ስኮርታ ጭቃና አቧራ ሲጠጣ ከርሞ ማውረጃው ሊዝግ ይችላልና ከጉዞ በፊት አውርዶ ግራሶ መቀባት ያስፈልጋል። የኋላ በር ላይ የሚታሰረው ደግሞ በሚያንቀጠቅጥ የጠጠር መንገድ የበሩን ማጠፊያ ይሰነጥቃል።

የስኮርታው ንፋስ የሚለካው ከመነሳት በፊት ነው። ከመቀሌ ከፍታ ከባሕር ወለል በታች ወዳለው ዳሎል ሲወረድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ የሚታየው ንፋስ ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ዝቅ ይላል። የበረሃው ሙቀት ደግሞ ተመሳሳይ መጠን መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ታች ደርሶ፣ መኪናው ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ እንደገና መለካት እንጂ በግምት ማስተንፈስ ልክ አይደለም።

ክሪኩ

ክሪክ ሲገዛ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስንት ቶን እንደሚያነሳ ነው። ለተጫነ ላንድ ክሩዘር 3 ቶን ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወሳኙ ጥያቄ ክሪኩ ምን ያህል ዝቅ ብሎ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ነው። 265/70 አር 16 ጎማ ሙሉ በሙሉ ሲተነፍስ አክስሉ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ከዚያም ይብሳል። ጋራዥ ውስጥ በተነፋ ጎማ ሲሞከር በቀላሉ የገባ ክሪክ በዚያ ሰዓት ከአክስሉ ሥር አይገባም። ቢገባም የተነፋው ስኮርታ ከተነፈሰው ስለሚረዝም ማንሻው ያን ልዩነት የሚሸፍን መሆን አለበት። ክሪኩ ከሻንሲ ሥር ከቆመ ደግሞ ባሌስትራው ወይም ሞላው እስኪዘረጋ ድረስ ብዙ ከፍታ ይባክናል፤ ከአክስሉ ሥር፣ ከጎማው አጠገብ ሲቆም ግን ወዲያው ጎማውን ያነሳል። እንደ ፕራዶ ድፍን የፊት አክስል በሌላቸው መኪኖች ላይ አምራቹ ምልክት ያደረገበትን ቦታ መከተል ይገባል።

የሃይድሮሊክ ክሪክ ጉልበት አይጠይቅም፤ ነገር ግን ጎሚኒው ሲያረጅ ዘይት ያፈሳል፣ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ቆሞ መጫን አለበት። በጥርስ የሚዞረው የብረት ክሪክ ዝግ ያለ ነው፣ አቧራና ዓመታት ግን ብዙም አይጎዱትም። የአሜሪካው ሃይ ሊፍት ረጅምና በእጀታ የሚነሳ ክሪክ ነው፤ ባለ 48 ኢንቹ ከፍታው ሌላው ሁሉ የማይደርስበት ነው። የሚጠቅመው ግን ጠንካራ የብረት ፓራውልት ላለው መኪና ብቻ ነው፣ መኪናው ከላዩ ሊንሸራተት ይችላል፣ ሲወርድም ከእጅ ያመለጠ እጀታ ፊት ይሰብራል። በጭስ ማውጫው የሚነፋው የሸራ ከረጢት ለአሸዋና ለዋልካ ጥሩ ነው፣ ላቫ ላይ ግን ይቀደዳል። የዚህ ጽሑፍ ምርጫ 3 ቶን የሚያነሳ ዝቅተኛ የሃይድሮሊክ ክሪክና ለመጠባበቂያ ከመኪናው ጋር የመጣው የብረት ክሪክ ነው። ከሁለቱ ሥር የሚነጠፍ፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነና እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ጠንካራ ሳንቃ ከሌለ ግን ማንኛውም ክሪክ መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ራሱ ይሰምጣል።

ሲቀየር

ዳዶዎቹ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ይላላሉ። በማርሽ የቆመ መኪና የኋላ ጎማው ሲነሳ ሊንከባለል እንደሚችል ብዙዎች አያውቁም፤ ዲፍረንሻሉ በአየር ላይ ያለው ጎማ ወደ ኋላ እንዲዞር ስለሚፈቅድ መሬት የነካው ጎማ ነፃ ይሆናል። የእጅ ፍሬኑ ከማርሹ በሚወጣው ዘንግ ላይ በሚይዝ እንደ ቀድሞው ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ባለ መኪናም ይኸው ይደርሳል። ስለዚህ መሬት ላይ ለቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረጋል፣ ለዚህ ድንጋይ በየትም አይጠፋም። መኪናው ሲነሳ ስኮርታው ከሻንሲው ሥር ተጋድሞ ይገባል፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው ሰው ላይ ሳይሆን ጎማ ላይ ያርፋል። የተፈታው ጎማ ሲወጣ ደግሞ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። አዲስ የታሰረ ጎማ ዳዶው በመስቀል ቅደም ተከተል ይጠብቃል፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላም እንደገና ይፈተሻል።

ከመነሳትዎ ከቀናት በፊት መኪናውን ከነጭነቱ ግቢዎ ውስጥ ያቁሙ፤ የአንዱን ጎማ ንፋስ ከቫልቮላው ሙሉ በሙሉ ያስወጡና በራስዎ ክሪክ፣ በራስዎ ቁልፍና በራስዎ ሳንቃ ይቀይሩት። የማይገባው ክሪክ፣ የዛገው ሰንሰለት፣ የጠፋው የዳዶ ቁልፍ ሁሉ ያን ቀን ይገኛል፤ መርካቶም ገና ቅርብ ነው።