የነሐሴ 11ዱ ብርሃንና ፈላጊዎቹ

ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ወደ ሰበታ ሲመለከቱ በሚታየው አድማስ በኩል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ የጠለቀ አንድ አዲስ ብርሃን ነበረ። ከላፍቶም ሆነ ከጀሞ በዓይኑ ያየው አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ብርሃኑ ዓይን ከሚለየው እጅግ ደብዛዛ ኮከብ በብዙ ሺህ እጥፍ የደከመ ነበር። ወሩም ነሐሴ ነው፤ በነሐሴ የአዲስ አበባ ሰማይ ምን እንደሚመስል ለባልደረቦች መንገር አያሻም።

ብርሃኑ የመጣው 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ከሚርቀው ኤንጂሲ 4993 ከተባለው ጋላክሲ ነው። በዚያ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው ተዋሐዱ። ኒውትሮን ኮከብ ማለት ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ሉል ውስጥ የታመቀበት አካል ነው፤ ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ ያለውን ርቀት ማሰብ ይበቃል።

ጠበብት ጉዳዩን አስቀድመው አስበውበታል። ላቲመርና ሽራም እ.ኤ.አ. በ1974 ኒውትሮን ኮከብ ሲበጣጠስ ከባድ ንጥረ ነገሮች ሊፈጠሩ እንደሚችሉ አመለከቱ። ሊ እና ፓቺንስኪ በ1998 ከግጭቱ የሚወጣው ብርሃን ፈጥኖ የሚከስም መሆኑን አሰሉ። በ2010 ሜትዝገርና ባልደረቦቹ ኪሎኖቫ አሉት፤ ኖቫ ከሚባለው ፍንዳታ በሺህ እጥፍ ያህል ይደምቃልና።

ችግሩ ማግኘቱ ነበር። የሰማይ ቅኝት መሠረቱ ቀላል ነው፤ ከዛሬው ፎቶግራፍ ላይ የቀድሞው ይቀነሳል፣ የሚተርፈው ነጥብ አዲስ ነገር ነው። ነገር ግን ከሚተርፉት አብዛኞቹ ሱፐርኖቫዎች፣ ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብት፣ አስትሮይዶች፣ አለዚያም የካሜራው የራሱ ጉድፍ ናቸው። የኪሎኖቫ ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ በሁለት ቀን ገደማ ይከስማል፤ ቀዩ ጥቂት ይሰነብታል። በየአምስት ቀኑ ወደ አንድ ሥፍራ የሚመለስ ቅኝት ቢበዛ አንድ ነጥብ አይቶ ያልፋል፤ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶም ምንም ማለት አይቻልም።

በዚያ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ፣ በአሜሪካ ያሉት የላይጎ መሣሪያዎች የስበት ሞገድ መዘገቡ። ከ1.7 ሴኮንድ በኋላ ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት የጋማ ጨረር አየች። ሆኖም ከላይጎ መሣሪያዎች በአንደኛው ላይ በዚያው ቅጽበት ሁካታ ገብቶበት ስለ ነበር፣ ሥፍራውን አጥብቦ የሚያመለክተው ካርታ የወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ54 ነው። ያም ቢሆን 30 ስኩዌር ዲግሪ ያህል፣ ማለት ሙሉ ጨረቃ ከምትሸፍነው ከመቶ እጥፍ በላይ ነበር። በአዲስ አበባ ሰማይ ግን ያ ጋላክሲ ለመጥለቅ አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረውም።

በቺሌ እስኪመሽ ተጠበቀ። በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ33፣ በላስ ካምፓናስ የሚገኘው ስዎፕ ቴሌስኮፕ ብርሃኑን አነሳው። ቡድኑ መላውን ሥፍራ አላሰሰም፤ በዚያ ርቀት ያሉትን ጋላክሲዎች ዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ ፎቶግራፍ አነሳ እንጂ። የኤንጂሲ 4993ንም ሀብል ቀድሞ ካነሳው ጋር አስተያየው።

የስዎፕ መስተዋት ስፋቱ 1 ሜትር ነው። በእንጦጦ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ያኔ ተተክለው የነበሩት ሁለት ቴሌስኮፖች መስተዋትም እያንዳንዱ 1 ሜትር ነው። ስለዚህ ነገሩን በመስተዋት ማሳበብ አይቻልም። የተዘጋጀ ዝርዝር፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ ተረኛ ሰው፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የጠራ ሰማይ ነበር የሚያስፈልገው።

ዕድሉም ቢሆን ሁልጊዜ አይገጥምም። ሚያዝያ 17 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁለተኛ የግጭት ሞገድ ተመዘገበ፤ ካርታው ግን ከመላው ሰማይ አንድ አምስተኛ ያህል ነበር። በአንድ ጊዜ 47 ስኩዌር ዲግሪ የሚያነሳው የፓሎማር ካሜራ ሳይቀር ለሁለት ሌሊት አሰሰ፤ የተጠረጠሩት ነጥቦች አንድ በአንድ ተመርምረው ወደቁ። የዚያ ግጭት ሥፍራ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም።