48 ነው 46?

የሰው ክሮሞሶም 46 መሆኑን ተማሪዎቼ በቀላሉ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። ከ1923 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከ30 ዓመት በላይ መጻሕፍቱ ሁሉ 48 ሲሉ ኖረዋል። 48 እኮ የኛ የአዊ ድንች ቁጥር ነው! በ1956 ቺዮ እና ሌቫን ስዊድን ውስጥ በደንብ ቆጥረው 46 አሉ።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ፓሪስ ላይ ማርት ጎቲዬ የምትባል ሐኪም ዳውን ሲንድሮም ካለበት ልጅ የተወሰደ ሴል ላብራቶሪ ውስጥ አሳደገች። ሲቆጠር 47 ሆነ፤ 21ኛው ክሮሞሶም በሁለት ፈንታ ሦስት ነው። በ1959 ጽሑፉ ሲታተም ግን የለዠን ስም ቀድሞ የሷ ሁለተኛ ሆነ። እኔ ክፍል ውስጥ የሷን ነው የማስቀድመው።

ይኸው ዛሬም «እርግማን ነው»፣ «እናትየው ምን አድርጋ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ወገኖቼ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉ ሲፈጠር ጥንዶቹ ሳይለያዩ ቀርተው ነው። እናት ሆነ ብላ የምታደርገው ወይም የምታስቀረው ነገር አይደለም። አፈ ጉባኤ የነበሩት አባዱላ ገመዳ እንኳ ዳውን ሲንድሮም ያለባትን ልጃቸውን አልደበቁም፤ በስሟ ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ እንጂ።

ጥርባም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ልጅ ጓዳ የሚውልበት ቤት የምታውቁ ይህን አንብቡላቸው።