ከባትሪ ድንጋይ እስከ ላፕቶፕ

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የምናገረው ከእንፍራንዝ፣ ከጉዛራ ግንብ አቅራቢያ ነው። የዛሬው ጨዋታችን የደጋ ትምህርት ቤቶችን ስለሚረዳ መሣሪያ፣ ስለ ላፕቶፕ ታሪክ ነው።

ነገሩን ከሬዲዮ ልጀምረው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ አልተወለድኩም፤ ታላላቆቻችን ግን ያጫውቱናል። ዘመቻው እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተካሄደ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። ሬዲዮም መኪና ያልገባበት አገር ድረስ ዘልቆ ትምህርቱን አገዘ። ታዲያ የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ሬዲዮው ዝም! ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ መልሰን የከተትን ብዙ ነን። ሬዲዮው አልታመመም፤ ሱቁ ነው የራቀው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ እንምጣ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። 3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ሩቡን ያህል ይጎድለዋል። ስስ አየር ሙቀት እንደልብ አይወስድም፤ ስለዚህ በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ኮምፒዩተር ቶሎ ይግላል። በብዙዎቹ የቆዩ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ደግሞ የሚሽከረከር ዲስክ አለ። ዲስኩን የሚያነበው ራስ የሚንሳፈፈው አየር ደግፎት ነው። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ዝቅ ይላል፤ ከነካው ዲስኩ ተጫረ ማለት ነው። የብዙዎቹ ዲስኮች ወሰን 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ከደባርቅ አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች የወጣ ሰው ይህን ከፍታ ያልፈዋል።

በኅዳር 1998 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ቱኒዝ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አንዲት አረንጓዴ የልጆች ኮምፒዩተር አሳዩ። ዋጋዋ 100 ዶላር ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ተሠርታ ስትወጣ ግን ከ180 ዶላር በለጠች። ኤክስ ኦ ትባላለች። ማራገቢያ የላትም፤ የሚሽከረከር ዲስክም የላትም። ቁልፎቿ አቧራ እንዳይገባ በጎማ ተሸፍነዋል። ጽሑፏ በጠራራ ፀሐይ ይነበባል፤ ኤሌክትሪክ የምትፈጀውም ጥቂት ነው። እውነትም ለደጋ የተሠራች ትመስላለች። ወደ አገራችንም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሺ የሚቆጠሩ መጡ። ግን መምህራኑ በቂ ሥልጠና ባላገኙበት ክፍል ኮምፒዩተሯ መጫወቻ ብቻ ሆና ታየች።

በፈረንጆች 2012 ደግሞ ሌላ ሙከራ ተሰማ። በወንጪና በወለንጪቲ፣ በየመንደሩ ለ20 ያህል ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን ተሰጣቸው። ወንጪ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ከፍተው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኤ ቢ ሲ ሲዘፍኑ ተገኙ ተብሎ ዓለም ተደነቀ። መደነቁስ ባልከፋ! ግን የተዘነጋ ነገር ነበር። ታብሌቶቹን በፀሐይ ኃይል እንዲሞሉ ለመንደሩ አዋቂዎች ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር። በየሳምንቱም ባለሙያ እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይር ነበር። ከልጆቹ ጀርባ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ይህን የፔሩ ታሪክ ያስረዳልናል። ፔሩ እንደኛ ባለ ተራራ አገር ናት፤ ከ800,000 በላይ ኤክስ ኦ አደለች። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን በሒሳብም በቋንቋም ለውጥ አላገኘም። መሣሪያ ብቻውን አያስተምርም።

እስቲ የራሴንም ጥፋት ልናገር። ከዚህ ቀደም ባስተማርኩበት በአንድ የደጋ ትምህርት ቤት ጥቂት ላፕቶፖች መጡልን። በሰኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍንባቸው፤ ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነበርኩ። በመስከረም ስንከፍት አብዛኞቹ አልነቁም። እንዲህ ያለ ባትሪ ጨርሶ ባዶ ሆኖ ከከረመ ይሞታል፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ነገስ ይነቁ ይሆን?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ያ ዓመት ለእሷ አይመለስም።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው። ላፕቶፕ ወደ መንደራችሁ ሲመጣ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ጠባቂ ይምረጥለት፤ የሚጠብቀው ከሌባ ብቻ አይደለም። ከአቧራና ከጭስ ያርቀው፤ ውርጭ ባለበት ማለዳ ባትሪ አይሙላ፤ ክረምት ሲገባ ባትሪውን ግማሽ ሞልቶ ያስቀምጥ፤ በወር አንድ ጊዜም ይየው። ለመለዋወጫ የሚሆን ጥቂት ብር ከወዲሁ ይቀመጥ። መምህሩም ከልጆቹ ቀድሞ ይሠልጥን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ?

ሱቁ ዛሬም ሩቅ ነው፤ ጠባቂው ግን ከመካከላችን ሊወጣ ይችላል።